«ቆሽቴ አረረ»፣ «ዕጢዬ ዱብ አለ» እና «ሆርሞን» የሚለው ቃል

ጥያቄ፦ «ዶፓሚን የደስታ ሆርሞን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ያለበትን ጽሑፍ ሳርም፣ አንድ የሕክምና ባለሙያ «ሆርሞን አይበሉት፣ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ይበሉት» አሉኝ። ሁለቱም በሰውነት ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች ከሆኑ አንድ ስም ቢበቃቸው ምን ይጎድላል? «የዕጢ ፈሳሽ» ብንላቸውስ?

መልስ፦ «የዕጢ ፈሳሽ» ከመነሻው ያሳስታል። ምራቅም ላብም ከዕጢ የሚወጡ ፈሳሾች ናቸው፤ ነገር ግን በየቦያቸው ይፈስሳሉ እንጂ ለማንም መልእክት አያደርሱም። ሆርሞን ቦይ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ይህን ለማየት ከቆሽት የተሻለ አካል አላውቅም፤ ምግብ የሚፈጨውን ጭማቂ በቱቦ ወደ ቀጭን አንጀት ይልካል፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊንን ግን ደም ውስጥ ይለቅቃል። የኢንሱሊን ስም «ደሴት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣውም የሚያመነጩት ሕዋሳት በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተነጥለው ስለሚታዩ ነው።

«ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ ለቆሽት ባለዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የአንድን ውሻ የአንጀት ክፍል ከነርቮቹ ለይተው አሲድ ቢጨምሩበት፣ አንድም ነርቭ ሳይነግረው ቆሽቱ ጭማቂውን አፈሰሰ። ወሬውን ያደረሰው በደም የተጓዘ ንጥረ ነገር ነበርና ሴክሬቲን አሉት። ከ3 ዓመት በኋላ ስታርሊንግ እንዲህ ላለው መልእክተኛ «ሆርሞን» የሚለውን ስም ሲያስተዋውቅ፣ ማነሣሣትን ከሚገልጽ የግሪክ ግሥ ወስዶ ነው።

የነርቭ መልእክት አስተላላፊ መንገዱ ሌላ ነው። በሁለት ሕዋሳት መካከል ያለችውን፣ የሚሊሜትርን 50 ሺኛ ያህል የምትሆን ክፍተት ተሻግሮ ለጎረቤቱ ይናገርና ወዲያው ይፈርሳል ወይም ወደመጣበት ተመልሶ ይሰበሰባል። ሆርሞን አዋጅ ነው፤ ይህኛው ሹክሹክታ ነው። አዋጁ በየደጁ ቢያልፍም የሚሰማው ለእርሱ የሚሆን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ቢንቢ የነከሰችንን ቦታ የሚያሳብጠውና የሚያሳክከው ሂስታሚን ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ከተለቀቀበት ሳይርቅ የሰፈሩን ሥራ ይሠራል።

ወደ ዶፓሚን ስመለስ፣ ባለሙያው ስለ አንጎል ሥራው ከሆነ የተናገሩት ትክክል ናቸው። ያው ዶፓሚን ግን ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ተነሥቶ በአጫጭር የደም ሥሮች ከአንጎል ሥር ወዳለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሲወርድና ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያዝዘውን ፕሮላክቲንን ሲገታ ሆርሞን ይባላል። «ሆርሞን» የሥራ መጠሪያ እንጂ የዘር መጠሪያ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠዋት መምህር፣ ማታ ዕድርተኛ እንደሚባለው ነው። እኔን ይልቅ የሚከነክነኝ «የደስታ» የሚለው ቅጽል ነው። ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳታቸው የሞቱባቸው የፓርኪንሰን ሕሙማን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው ይከብዳል፤ ይህን ሁሉ «ደስታ» ምን አድርጎ ይገልጸዋል?

ጥያቄ፦ እንግዲያው «ቆሽቴ አረረ» የሚሉት አባቶቻችን ሆርሞንን ያውቁ ነበር ልንል ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ትርጓሜ አልደፍርም። አበሻ ንዴትን በቆሽት፣ ወኔን በሐሞት፣ ርኅራኄን በአንጀት መናገሩ የዘይቤ ጉዳይ ነው፤ ሐሞትም ቢሆን በቱቦ የሚፈስ የምግብ መፍጫ እንጂ መልእክተኛ አይደለም። እንዲያውም ስንናደድ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚለቀቀው አድሬናሊን ቆሽት ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ይገታዋል፤ ስለዚህ በንዴት ሰዓት ቆሽት ከማረር ይልቅ ታዝዞ ዝም ይላል።

ወደ እውነቱ ሳያውቅ የተጠጋው «ዕጢዬ ዱብ አለ» የሚለው ይመስለኛል። በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ አንዱን እርከን ብትስቱ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቁት እጃችሁ መደገፊያውን ይይዛል። ይህ የነርቭ ሥራ ነው፣ እዚያው ያበቃል። እግራችሁ መሬት ከረገጠ በኋላ ግን ልባችሁ ለጥቂት ደቂቃ ይደልቃል፤ ዕጢው የለቀቀው አድሬናሊን ገና ከደም ተጠርጎ አላለቀምና።