የበግ ኩላሊት ላይ የፍላሽ (በፈሳሽ ደሙን አጥቦ የማውጣት) ልምምድ፦ ግማሹ ለምን ጠቁሮ ይቀራል?

ጠያቂ፦ ሬዚደንት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልን። ለንቅለ ተከላ ኩላሊት አውጥቶ የማጠብና የማቆየት ልምምድ በበግ ኩላሊት ጀምረናል። ኩላሊቱ ከቄራ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ16 ጌጅ ካኑላ (ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) በአርተሪው፣ ማለትም ወደ ኩላሊቱ ደም በሚያስገባው ሥር፣ እንለቃለን። ያስቸገሩን ነገሮች፦ ግማሹ ነጥቶ ግማሹ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይቀራል። አርተሪው አጭር ስለሆነ ለስፌት አይበቃም። ሄፓሪን (የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት) ብንጨምርም ለውጥ የለም። ደግሞስ ዩደብሊው (የሚተከል አካል ማቆያ ፈሳሽ) በሌለበት በሪንገር ብቻ አድሮ ጠዋት ብንሰፋበት ምን ይሆናል?

መልስ 1፦ ቀዶ ሐኪም

ካኑላው ብዙ ገብቷል። የበግ አርተሪ ሂለሙ (የደም ሥሮቹ ወደ ኩላሊቱ የሚገቡበት ስፍራ) ጋ ከመድረሱ በፊት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለአንዱ ወገን፣ ሌላው ለሌላው። የ16 ጌጅ ካኑላ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሙሉውን ከገፋችሁት ጫፉ አንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ ይቀረቀርና ሌላው ምንም አያገኝም። መርፌውን አውጡ፣ ፕላስቲኩን ብቻ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፣ በ2-0 ሐር ክር እሰሩ። ጥቁሩ ወገን ካኑላውን ትንሽ ሲስቡት ወዲያው ከነጣ ጥፋቱ የጫፉ ነበር። ካልነጣ የረጋ ደም አለ፣ ወይም ካኑላው ሲገፋ የአርተሪው ውስጠኛ ሽፋን ተላጦ መንገድ ዘግቷል፣ ወይም ያላያችሁት ሁለተኛ አርተሪ አለ። የመጨረሻውን አትናቁት፤ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ ኩላሊት ላይ ከአንድ በላይ አርተሪ ይገኛል። ወደ ታችኛው ጫፍ የሚሄደው ቀጭን ቢሆንም ዩሬተሩን (ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወስደውን ቱቦ) የሚመግበው እሱ ስለሚሆን አይታሰርም።

የሪንገሩ ከረጢት ከኩላሊቱ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ይህ 75 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት ነው። በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፋት ይቅር፤ እጅ ግፊቱን አይለካም። መጠኑን ከቬይኑ (ደም ከኩላሊቱ ከሚያስወጣው ሥር) የሚወጣው ፈሳሽ ይንገራችሁ፤ እስኪጠራ ድረስ ነው። ለሰው ኩላሊት ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ በጉ ከዚያ ያንሳል። ከመክፈታችሁ በፊት ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይቀር።

ሄፓሪን የረጋ ደም አያሟሟም፣ እንዳይረጋ ይከለክላል እንጂ። ለዚህ ነው በለጋሽ ላይ የደም ሥሩ በክላምፕ (መቆንጠጫ) ከመያዙ በፊት የሚሰጠውና ጥቂት ደቂቃ እንዲዘዋወር የሚጠበቀው። ከታረደ በግ ላይ ያ ዕድል አልፏል። የአርተሪውን አፍ በቀጭን ፎርሴፕስ አጽዱ፣ ፍላሹን ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

መልስ 2፦ የመንዝ ልጅ

ስለ አርተሪው ማጠር፦ ሥጋ ቤት የሚደርሰው ኩላሊት ለወጥ የተቆረጠ ነው። አራጁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሁለቱን ኩላሊት ከነሞራቸው፣ ከነአዎርታውና ቬና ካቫው (ከሆድ ጀርባ ካሉት ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች ጋር) በአንድ ላይ እንዲያወጣ፣ ዩሬተሩንም እስከ ፊኛው እንዲተው። የሰባ በግ ሞራው ሂለሙን ይሸፍናል፤ ያ ደግሞ ጥሩ ልምምድ ነው፣ ሰውም ላይ እንዲሁ ያጋጥማል። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾም ሲገባም፣ ቄራ ስለሚቀዘቅዝ ቀኑን አስቡበት።

እንዲህ በአንድ ላይ ከመጣ ሌላም ጥቅም አለው። አዎርታውን ከላይ ክላምፕ አድርጋችሁ ከታች ካኑላ ብታስገቡ፣ ቬና ካቫውን ብትከፍቱት፣ ከሟች ለጋሽ የሚወጣበትን አሠራር ትለማመዳላችሁ። በአዎርታው ጀርባ የሚወጡትን የወገብ ቅርንጫፎች ግን እሰሩ፤ አለበለዚያ ፈሳሹ በዚያ ያመልጣል፣ ኩላሊቱ አይነጣም።

መልስ 3፦ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ

ዶክተሮች፣ ስለ ማቆየቱ ልጨምር። የተለመደው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሦስት ከረጢት ነው፦ የመጀመሪያው ኩላሊቱንና ማቆያ ፈሳሹን፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ሳላይን፣ ሦስተኛው ደረቅ ሆኖ በተፈጨ በረዶ ሳጥን ውስጥ። በረዶ ኩላሊቱን በቀጥታ አይንካ። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ከዜሮ በታች ስለሆነ የነካውን በረዶ ያደርገዋል፣ ሴሉ ይፈነዳል። የክትባት ሳጥን የምትጠቀሙ ከሆነ አይስ ፓኩን ልክ ለክትባት እንደሚደረገው ውጭ አቆዩት፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ከተሰማ ደርሷል። ቴርሞሜትር አስገቡበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅን አይተካም!

ጠያቂ

እናመሰግናለን። የሪንገሩ ማደርስ?

መልስ 1፦ ቀዶ ሐኪም

ለስፌት ልምምድ ብቻ ከሆነ ይደር፣ ያበጠና የለሰለሰ ቢሆንም ክር ይይዛል። ለሰው ግን ማሰብ የለም። በ4 ዲግሪ የሴሉ የኃይል ፍጆታ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል እንጂ አይቆምም፤ ሶዲየምን የሚያስወጣው ፓምፕ ግን ይደክማል። ሶዲየም ገብቶ ውኃ ይጎትታል፣ ሴሉ ያብጣል። ሪንገር ውስጥ ይህን የሚገታ የለም። ዩደብሊው ላክቶባዮኔትና ራፊኖዝ አለው፤ ትልልቅ ስለሆኑ ወደ ሴሉ አይገቡም፣ ውኃውን ውጭ ያስቀሩታል። እንዲህ የተያዘ ኩላሊት 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፣ ልብ ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ዩደብሊው ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሌላው ማቆያ ፈሳሽ ኤችቲኬ ቀጭን ነው፣ ግን ብዙ ሊትር ይፈልጋል።

አገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው ከሕያው ለጋሽ ነው፤ ሰዓቱ አጭር በመሆኑ ከማቆያው ይልቅ እጁ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ግራው ነው፣ ቬይኑ ስለሚረዝም። በጉ ላይ አደራ የምለው በታችኛው ጫፍና በዩሬተሩ መካከል ያለውን ስብ አለመንካት ነው። ተማሪ ዩሬተሩን ጥርት አድርጎ ሲላጥ ደስ ይለዋል፤ የዩሬተሩ ደም የሚያልፈው ግን በዚያ ስብ ውስጥ ነው። ሰው ላይ ሲሆን ጫፉ ይሞታል፣ ከተተከለ በኋላ ሽንት ሆድ ውስጥ ይፈሳል። በጉ ይህን አያሳያችሁም፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ስቡ ሳይነካ መቅረቱን አንድ ሰው ይፈትሽላችሁ።