በዐቢይ ጾም እየሮጥኩ የመጣብኝ የቅልጥም ሕመም፦ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ክብደቴ 58 ኪሎ ሲሆን፣ ባንክ ውስጥ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ባለፈው ኅዳር በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትሩን ከጓደኞቼ ጋር ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በሩጫ ጨረስኩ። ነገሩ ስለጣመኝ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል እሮጥ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግን ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ስላሰብኩ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ሜትር አደረስኩት።

ጾሙ ሲገባም ልምምዱን ማቋረጥ አልፈለግሁም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሮጬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ እህል የምቀምሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። የምበላው ብዙውን ጊዜ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ነው፤ ማታ ግን ድካሙ ስለሚያሸንፈኝ ሻይ በዳቦ ብቻ ቀምሼ የምተኛባቸው ቀናት ይበዛሉ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። በግራ እግሬ ቅልጥም በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል። አሁን ግን ከሩጫው በኋላም አይለቀኝም፤ ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሁለት ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወስዳኝ ነበር። እርሳቸውም «ሥጋው ከአጥንቱ ተላቋል» ብለው በሞቀ ዘይት አጥብቀው አሹኝ፤ በማግሥቱ ብሶብኝ አደረ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ዲክሎፌናክ ከሩጫ በፊት አንድ ፍሬ ስውጥ ግን ደህና እሮጣለሁ። እንደዚህ እያደረግሁ መቀጠል እችላለሁን? ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ይሆን? የፕሮቲን ዱቄት መግዛት አለብኝ የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ የረጅም ጊዜ ሯጭ

እኅቴ፣ ሃያ ዓመት በላይ ሮጫለሁ፤ ይህን ሕመም ያልቀመሰ ሯጭ አላውቅም። የእኔ ግምት ጥፋቱ የአስፋልቱና የጫማው ነው። ብዙዎቻችን የምንሮጠው በሳልባጅ ጫማ ነው፤ ላዩ አዲስ ቢመስልም የውስጥ ስፖንጁ ሌላ ሰው እግር ሥር አልቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ በኩል ይመልከቱት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ለገበያ መሄጃ ያድርጉት። ከአስፋልት ይልቅ የጃንሜዳን ሣር ወይም የእንጦጦን የጫካ መንገድ ይሞክሩ።

ስለ ወጌሻው ግን አልስማማም። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ባለ ቁጥር ያዳነኝ ወጌሻ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አይመስለኝም።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ጠያቂዋ የጻፉት ዝርዝር በጣም ይረዳል። ሳላያቸውና ሳልዳስሳቸው ምርመራ ሰጠሁ ማለት አልችልም፤ ይሁን እንጂ ከተናገሩት ውስጥ «ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል» የሚለው ብቻ ሩጫውን ዛሬውኑ ለማቆም ይበቃል።

የሯጮች የቅልጥም ሕመም በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው የአጥንቱ ሽፋንና ከእርሱ ጋር የተያያዙት ጡንቻዎች በጫና ሲቆጡ የሚመጣ ሲሆን፣ ሕመሙ በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ሁለተኛው በአጥንቱ ላይ የሚፈጠር ረቂቅ ስንጥቅ ነው፤ ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር ይሉታል። ተቀምጠው እግርዎን ጉልበትዎ ላይ ያጥፉና በአንድ ጣት ጫፍ ብቻ የቅልጥምዎን ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ ይጫኑ። ሕመሙ በረጅሙ ከተዘረጋ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ብቻ «እዚህ ጋ!» የሚያሰኝ ከሆነ፣ በተለይም ሌሊት የሚያምም ከሆነ፣ ሁለተኛውን መጠርጠር ግድ ይላል። በአንድ እግር መዝለልን ግን እንዲሞክሩ አልመክርም፤ ስንጥቅ ካለ ያባብሰዋል።

አጥንት ጫና ሲበዛበት ራሱን ያድሳል፤ ነገር ግን የጭቃ ቤት ሲታደስ አሮጌው ምርጊት ቀድሞ እንደሚነሣ ሁሉ፣ አጥንትም መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ይቦረቡራል፣ አዲሱን የሚሞላው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከ15 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በአንድ ወር ውስጥ መድረስ ማለት ምርጊቱ ተነሥቶ ሳለ በግድግዳው ላይ ጣሪያ መጨመር ነው። አሸዋውና ጭቃው፣ ማለትም ምግቡ፣ ካልቀረበ ደግሞ እድሳቱ ጭራሹን ይቆማል።

እንዲህ ባለው ቦታ ላይ አጥብቆ ማሸት ምንም አይጠቅምም። ዲክሎፌናኩም ቢሆን ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አጥንቱን አያክመውም፤ «ደህና እሮጣለሁ» ያሉት ማስጠንቀቂያው ስለጠፋ ነው። በባዶ ሆድ፣ ውሃ ሳይጠጡ ወስደው መሮጥዎ ደግሞ ለጨጓራዎም ለኩላሊትዎም አደጋ አለው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ራጅ ቢነሡና ምንም ባይታይ አይዘናጉ፤ ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ኤም አር አይ ቀድሞ ያሳያል፤ ዋጋው ከከበደ ግን ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ተመርቶ እንደ ስንጥቅ ሊያክምዎ ይችላል። ሕመሙ በቅልጥሙ ፊት ለፊት ላይ ከሆነ ቶሎ ስለማይድን ቀን አይስጡት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአደባባይ መመለስ ካልፈለጉ ለሐኪምዎ ይንገሩት። የወር አበባዎ በጊዜው ይመጣል?

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

ባልደረባዬ የመጨረሻዋን ጥያቄ ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ስለ ካልሲየም ከመናገሬ በፊት የሰዓቱን ነገር ላንሣ፤ ችግሩ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ከሰዓቱና ከመጠኑ ይመስለኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ሮጠው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ ሰውነትዎ መጠገኛ በሚፈልግበት ሰዓት ስምንት ሰዓት ያህል ባዶውን ይውላል፤ ከዚያ ማታ ሻይ በዳቦ ብቻ ከቀመሱ ቀኑን ሙሉ የሚበሉት አንድ ማዕድ ነው ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ላይ እንዳብራራው፣ ከሚያወጣው ጉልበት አንጻር የሚበላው ያነሰ ስፖርተኛ አጥንቱ ይሳሳል፣ የሆርሞን ሥርዓቱ ይዛባል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ይህ የሚደርሰው በቀጫጭን ሴቶች ላይ ብቻ አይደለም።

ሲድኑና ወደ ሩጫ ሲመለሱ ጾሙ ካልወጣ፣ ሰዓቱን ያዛውሩት። 9 ሰዓት ላይ በሶ በማር ሳይሆን በስኳርና በጨው በጥብጠው፣ ወይም ሁለት ሙዝና ጥቂት ቴምር ቀምሰው፣ 11 ሰዓት ላይ ሮጠው፣ 1 ሰዓት ላይ ዋናውን እራት ቢበሉ ከሩጫው በፊትም በኋላም እህል ያገኛሉ። ማርን ያነሣሁት በጾም መብላቱ ላይ ሰዎች ስለሚለያዩ ነው፤ በዚያ ጉዳይ እኔ ዳኛ አይደለሁም።

ፕሮቲን በተመለከተ፣ የሚሮጥ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ለእርስዎ ከ70 እስከ 93 ግራም ይሆናል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ደግሞ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ቀኑን በሁለት ማዕድና በአንድ መክሰስ ከከፈሉት፣ ከእንጀራውና ከሽሮው ጋር ተደምሮ ያለ ዱቄት ይሞላል፤ በአንድ ማዕድ ግን አይሞላም። ሽሮውን አታቅጥኑት እላለሁ ሁልጊዜ፤ በብዙ ቤት የሚቀርበው ሽሮ ከዱቄቱ ይልቅ ውሃው የሚበዛ ነው።

ካልሲየም ለአዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋል። ጤፍ ከስንዴ የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ሰሊጥም እንዲሁ። ጎመንና ቆስጣ ግን አንድ አይደሉም፦ የጎመኑን ካልሲየም ሰውነት በቀላሉ ይቀበላል፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ግን ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ቆስጣውን በጎመን ይለውጡት።

ብረትንም ይመርመሩ። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን በውቂያ ጊዜ ከአፈር የሚገባው ብረት የሚለካውን መጠን ከፍ ያደርገዋል፣ ያም ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት አይደለም። የእንጀራው እርሾ፣ እንዲሁም ባቄላውን ወይም አተሩን ቦቆልት ማድረግ የብረቱን አጠቃቀም ያሻሽላል። ምስሩን ከቲማቲም ሰላጣ፣ ከሎሚና ከጥሬ ቃሪያ ጋር ይብሉ፤ ሻይና ቡናውን ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቁት። ከምሳ ላይ ተነሥቶ ቡና መጠጣት ለእኛ እንደ ሕግ ስለሆነ ይህን ምክር ማንም አይወደውም። ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልትና ከእህል አይገኝም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ግን 55 ቀን ብቻውን አያጎድለውም። የሚያሳስበው ከጾም ውጭም እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ እምብዛም የማይቀምስ ሰው ነው።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በጣቴ ጫንኩት፤ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ስነካው እንባዬ መጣ። ሌላውን ጥያቄም ልመልስ፤ ካለፈው ወር ጀምሮ የወር አበባዬ አልመጣም። የሥራ ጭንቀት ነው ብዬ ነበር። ነገ ቀጠሮ እይዛለሁ።

መልስ፦ የረጅም ጊዜ ሯጭ

እንግዲህ የእኔን ግምት አንሥቻለሁ፤ ጫማው ብቻ አይደለም። ነገር ግን ለወለምታ ወጌሻ ይሻላል የሚለው ሐሳቤ ላይ አሁንም ነኝ። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ራሱ «ወጌሻ» የምንለው ያለ ምክንያት ነው?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ስሙን ወድጄዋለሁ፤ በጨዋታ ቀን እኔንም እንደዚያው ይጠሩኛል። አለመግባባታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ማንም ሰው ከማሸቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ፦ ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ይቻላል? በግራና በቀኝ ካሉት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፋቸው እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ ሲጫኑት ያምማል? መራመድ ካልተቻለ ወይም አጥንቱ ላይ ካመመ ራጅ ይቀድማል፤ በመርገጫው መካከል ባሉት አጥንቶች ላይ ካመመም እንዲሁ። የተሰበረ አጥንት ታሽቶ ከቦታው ተንሸራቶ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ስብራት ከሌለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በመለጠጫ ፋሻ ጠቅልሎ፣ እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፤ ሕመሙን ለማስታገስ በሃይላንድ ውስጥ በረዶ የሆነ ውሃ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስያዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። ጠዋት ጥርስ ሲፋቅ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም መለማመድ፣ እግሩ ዳግመኛ እንዳይታጠፍ ከማንኛውም ማሸት የበለጠ ይረዳል። የእርስዎ ቁርጭምጭሚት «ወለም ባለ ቁጥር» ያሉት ይህ ልምምድ ስለጎደለው ይመስለኛል።

ጠያቂ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

እንደተነገረኝ ራጁ ንጹሕ ነበር፤ ሐኪሙ ግን እንደ ስንጥቅ ቆጥረው ለስድስት ሳምንት ሩጫ ከለከሉኝ። የደም ምርመራው ላይ የተከማቸው ብረት ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ኪኒን ታዘዘልኝ። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ «የታመመ ሰው ጾሙ መዳን ነው፤ ጠዋት ብይ» አሉኝ፤ ስለዚህ ለስምንት ቀን ያህል ከሥራ በፊት ገንፎ በልቼ ነው የምወጣው። የሌሊቱ ሕመም ጠፍቷል። ሳልጎዳ የምሠራው ነገር ካለ ብትነግሩኝ፤ ቁጭ ማለቱ ከበደኝ።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

በእግር መሄድ ካላመመዎት ቋሚ ብስክሌትና ዋና ይችላሉ፤ በዋናው ግን የገንዳውን ግድግዳ በእግር እየገፉ አይነሡ። ስድስት ሳምንቱ ካለቀና 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ከተራመዱ፣ ሐኪሙም ከተስማሙ፣ አንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያደረጉ በሣር ላይ ይጀምሩ። ርቀቱንና ፍጥነቱን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ። የወር አበባዎ ሳይመለስ ግን ሩጫውን እንዳይጀምሩት፤ ገንፎውንም አያቋርጡ።