ጋዙ ይወጣል፣ እሳት ግን አይዝም፦ ማብላያችን ምን ነካው?

ጥያቄ፦ ከኩታበር
ጤና ይስጥልኝ። ማብላያችን 6 ሜትር ኩብ የሆነ ባለ ጉልላት የባዮጋዝ ማብላያ (ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ዝግ ጉድጓድ) ነው። በቀን 30 ኪሎ እበት ከ30 ሊትር ውሃ ጋር ይገባበት ነበር፤ እሳቱም ሰማያዊ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን የጠላ አተላ ተጨመረበት። አሁን የግፊት መለኪያው ጋዝ መኖሩን ያሳያል፤ ምድጃው ላይ ክብሪት ሲጫር ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከመውጫው የሚፈሰው እንደ አቼቶ ይሸታል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድ በዛ ማለት ነው) በወረቀት 5.8 ነው። ጉድጓዱን አውጥተን እንደገና እንጀምር? ጋዝ ሠሪ ባክቴሪያውስ ከገበያ ይገኛል?

መልስ፦ ግንበኛው
አብሽር፣ ጉድጓዱን እንዳታወጡት። ዛሬውኑ አተላውንም እበቱንም አቁሙ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ምንም ምግብ አይግባ። የማይነደውን ጋዝ መስኮት ከፍታችሁ፣ እሳት በሌለበት ልቀቁት።

ኖራ በጥቂቱ ይረዳል። ግማሽ ኪሎ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ በ20 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በመግቢያው አፍስሱ፤ ዓይንና እጅ ይሸፈን። ከዚያ ከመውጫው በባልዲ እየቀዳችሁ በመግቢያው መልሱት፣ አለበለዚያ ኖራው አንድ ቦታ ይዘቅጣል። በማግስቱ ፒኤቹን ለኩ፣ ካልተነሣ ድገሙ። 6.7 ሲደርስ አቁሙ። አብዝቶ መጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመጥጠው የጉልላቱ ግፊት ይወርዳል፤ ስለዚህ በዚያን ሰዓት ቫልቩ ዝግ ይሁን፣ አየር እንዳይስብ።

መልስ፦ ላብ ደሴ
አንድ ቃል ላርም፤ እርማቱ ለሥራውም ይጠቅማል። የሚነደውን ጋዝ፣ ሜቴንን፣ የሚሠሩት ባክቴሪያ ሳይሆኑ አርኪያ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ደቃቅ ሕያዋን ናቸው። ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. የራይቦዞም አርኤንኤያቸውን (ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ክፍል ውስጥ ያለውን የዘር ጽሑፍ) ሲያነጻጽሩ ከባክቴሪያ የተለዩ ሆነው አገኟቸው፤ በ1990 ደግሞ አርኪያ ራሱን የቻለ ዶሜይን (ከሕያዋን ትልልቅ ክፍሎች አንዱ) ተባለ።

ማብላያው ውስጥ ሥራው በቅብብል ነው። ባክቴሪያዎች ምግቡን አፍርሰው አሲድ ያደርጉታል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ያንን ወደ አሴቲክ አሲድ (የአቼቶ አሲድ) እና ሃይድሮጅን ይለውጣሉ፤ አርኪያው መጨረሻ ላይ ሜቴን ያወጣል። የአተላ ስኳርና አልኮል ቶሎ ይብላላል፤ አሲድ ሠሪዎቹ በሰዓታት ይራባሉ። ሜታኖትሪክስ የሚባለው አርኪያ ግን እጥፍ ለመሆን ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ በደጋ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። አሲዱ ሲጠራቀም አርኪያው ይደክማል፣ ሃይድሮጅኑን የሚበላ ይጠፋል። መካከለኞቹ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን በጣም ካላነሰ መሥራት ስለማይችሉ እነሱም ይቆማሉ። ያኔ የሚወጣው ጋዝ በብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊት አለ፣ ነበልባል የለም።

ከሜቴኑ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከአሴቲክ አሲድ ይመጣል። ይህን የሚበሉት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፦ ሜታኖትሪክስና ሜታኖሳርሲና። ሜታኖሳርሲና አሲድ ሲበዛ ይሻላል፤ ሜታኖትሪክስ ጥቂት አሲድ ሲኖር። ሌሎቹ፣ እንደ ሜታኖባክቴሪየምና ሜታኖብሬቪባክተር ያሉት፣ አራት ሃይድሮጅን ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሜቴን ያወጣሉ።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የላም ጨጓራ ውስጥ የሚበዛው ሜታኖብሬቪባክተር ነው፤ አሴቲክ አሲዱን ላሟ ራሷ ስለምትወስደው የእሱ ተመጋቢዎች እዚያ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ትኩስ እበት ብቻ ጨምሮ የታመመ ማብላያ አይድንም። ከገበያ የሚገዛውም አያስፈልጋችሁም፣ ዘሩ፣ ማለትም ሕያው አርኪያ ያለበት ፍሳሽ፣ ጎረቤት ማብላያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ የሐይቋ
ለላሟ ፔኒሲሊን ስትወጋ እበቷ ይግባ? የአርኪያ ግድግዳ ፔኒሲሊን አይነካውም ሲባል ሰምቼ ነው።

መልስ፦ ላብ ደሴ
የሰሙት ልክ ነው፣ እህቴ። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ አሠራር ነው፤ አርኪያ ያ ግድግዳ የለውም። ግን ከፊቱ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አላቸው፤ እነሱ ከሞቱ አርኪያው የሚበላው ያጣል። መድኃኒቱ እስኪወጣላት እበቷን ለብቻ ይጣል። በረኪናና የልብስ ሳሙና ያለበት ውሃም አይግባ።

መልስ፦ ግንበኛው
ዘሩን ለማምጣት፦ በሰማያዊ ነበልባል ከሚነድ ማብላያ መውጫ 10 ጀሪካን፣ ማለትም 200 ሊትር፣ ትኩስ ፍሳሽ ቅዱ። ክምር ላይ የደረቀው አይሆንም፣ አየር ገድሎታል። ጀሪካኑ እስከ አፉ ይሙላ፣ ጥብቅ ብሎ ይዘጋ፣ በዚያው ቀን ይፍሰስ። ፒኤቹ 6.5 ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ ስለሆነች የእሷ ማብላያ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የበረታ ነው።

ምድጃው ላይ ነበልባሉ ሳይጠፋ መንደድ ሲጀምር በቀን 10 ኪሎ እበት፣ በፀሐይ ከሞቀ ውሃ ጋር በእኩል መጠን፣ ለአንድ ሳምንት፤ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎ 30። በደጋ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጠብቁ። ነበልባል የምትሞክሩት ምድጃው ላይ ብቻ ነው፤ ቱቦው ላይም ሆነ ጉድጓዱ አፍ ላይ ክብሪት አይጫር።

ጠያቂ፦ ከኩታበር
አላህ ይስጥልን። አተላውን ጨርሶ እንተወው?

መልስ፦ ግንበኛው
አይ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ በቀን ከ3 ሊትር አይብለጥ፣ በየሳምንቱም ፒኤች ለኩ። ከ6.8 ሲወርድ አተላውን በዚያው ቀን አቁሙ።