ጅማ ውስጥ ሳይጮኹ የሚወራበት ቤት የት አለ?

የአጋሮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ ወንድሜ ከአጋሮ ይመጣል። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ስለ እናታችን የምነግረው ነገር አለኝ። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ውጤት ነው፣ ጋሼ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ አፍ ቢሰማው እመርጣለሁ። ችግሩ ግራ ጆሮው ጭራሽ አይሰማም፣ ቀኙም ደክሟል። ዘፈን ያለበት ቤት ከተቀመጥን እሱ "እ?" ይላል፣ እኔ እጮሃለሁ።

ባለፈው ወር ሞክሬው ነበር። መሀል ከተማ አንድ ኬክ ቤት ገባን። ስፒከሩ ከራሳችን በላይ ነው። የመጀመሪያዋን ቃል ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፣ በሦስተኛው "እማዬ አሟታል እኮ ነው የምልህ!" ስል ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። ቀሪውን ሳልናገር ተነስተን ወጣን። የዚያኑ ማታ ጎረቤታችን "አሟታል ሲሉ ሰምቼ ነው" ብላ በር አንኳኳች። በሩን የከፈተችላት እማዬ ራሷ ናት።

እና እባካችሁ፣ ሌላ ሰው የማይሰማን ግን እኛ የምንደማመጥበት ቤት ንገሩኝ። ምግብም ቢራም ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ጋሼ እህል ሳይቀምስ ከባድ ወሬ አይወድም።

የመንደራ ልጅ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ብሆን ከቤቱ በፊት ቀንና ሰዓቱን ነው የምመርጠው። እዚህ ከተማ አንዱ ቤት ራሱ 4 ሰዓት ላይ ጭር ይላል፣ 7 ሰዓት ላይ ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞም አይሰማማም። ሐሙስን ተዪው። ገበያ ስለሆነ ከየወረዳው ሰው ይገባል፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ይሞላል፣ ደግሞ ከአጋሮ የመጣ የምታውቁት ሰው የምታገኙት ያን ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድም ከሰዓት በኋላ ኳስ አለ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ተስፋ የለውም።

ረቡዕ ሥጋ ቤት ሂጂ። አትገረሚ። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ባዶ ነው፣ ቅዳሜ ወንበር የምትለምኚበት ቤት ረቡዕ ባለቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ሽሮ ወይም በያይነቱ ይሠሩላችኋል፣ ቢራውም አለ። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ምሳ የበላው ግማሹ ወደ ሥራው ግማሹ ወደ በርጫው ይገባል፣ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ማንም አይመጣባችሁም። እኔ ከሚስቴ ጋር ልንለያይ ደርሰን የታረቅነው እንደዚህ ባለ ረቡዕ፣ እንደዚህ ባለ ቤት ነው። መርካቶና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ግን አትሞክሩት፣ የባጃጁ ጡሩምባ ብቻውን ይበቃል።

ኪቶ፦
የመንደራ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ረስቷል። መስከረም ነው፣ የጅማ ዝናብ ገና አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ከጣለ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደህና ጆሮ ያለውም አይሰማም።

ስለዚህ ሳር ክዳን ፈልጊ። ግቢያቸው ውስጥ ጎጆ ጎጆ አድርገው የሠሩ ሆቴሎች አሉ፣ ወደ ቦሳም ወደ አጋሮ መውጫም ታገኛለሽ። ሳር የዝናቡን ድምፅ ይውጠዋል። አየር ላይ መሆኑም ይጠቅማችኋል። ሴራሚክ ወለል፣ መስታወትና ጂፕሰም ያለበት አዳራሽ ውስጥ የተናገርሽው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል፣ ወንድምሽ ጋ ተደበላልቆ ይደርሳል፣ የማትፈልጊው ሰው ጋም ይደርሳል። ሰው በተለመደው ድምፁ ሲያወራ አንድ ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እንግዲህ 8 ሜትር የራቀ ጠረጴዛ ጋ 42 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው፣ ከዛፉና ከዝናቡ ድምፅ መሀል ቃሉን ለይቶ የሚሰማ የለም። ብትጮኺ ግን ይሄ ሁሉ ሒሳብ ይበላሻል።

ስትቀመጡ በቀኙ በኩል ሁኚ፣ ግራው ወደ መንገዱ ወይም ወደ ኩሽናው ይሁን። ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይረፍ። አባቴ ጆሮው ከደከመ ወዲህ ግማሹን የሚሰማው ከከንፈሬ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጭራሽ ይጠፋበታል።

አስተናጋጅ የነበርኩ፦
ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ እንሰማለን። ፈልገን አይደለም፣ በየአምስት ደቂቃው "ምን ይጨመር?" እያልን ስለምንመጣ ነው። አንዴ አንዲት ልጅ እያለቀሰች "ሞተ" የምትለው ቃል ላይ ደርሼ ጠርሙስ ይዤ ቆሜያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንደገባሽ አስተናጋጇን ለብቻዋ ጥሪያት። "ወንድሜ ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ አለን፣ እስክጠራሽ አትምጪ" በያት። ማንም አይከፋውም። ምግቡንም መጠጡንም አንዴ እዘዢ፣ ሒሳቡን ቀድመሽ ክፈይ፣ ለሷም ትንሽ ነገር ጣል አድርጊላት። ዘፈን ካለ "ትንሽ ቀንሱልን" ሳይሆን "አጥፉልን" ነው የሚባለው፣ ቀንሱልን ካልሽ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላው መጥቶ ይመልሰዋል። ባዶ ቤት ከሆነ ያጠፉልሻል። ከካሸሯ፣ ከኩሽናው በርና ከመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ራቂ። ከቻልሽ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ሄደሽ ሻይ ጠጥተሽ እዪው።

የሄርማታ እናት፦
ልጄ፣ ለምን ሆቴል ለሆቴል ትዞሪያለሽ? እንዲህ ያለው ነገር ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ነው የሚነገረው። እኔ ያደግሁበት ቤት ክፉም ደጉም የሚወራው ከአቦሉ በኋላ ነበር። ሆቴል ውስጥ ሰው ማልቀስ እንኳ አይችልም። ወንድምሽ ቢያለቅስ ማን ያቅፈዋል?

የአጋሮ ልጅ፦
እማማ፣ ልክ ነዎት፣ እኔም የምመኘው እሱን ነበር። ግን የእማዬ መኝታ ከሳሎኑ አጠገብ ነው፣ መሀሉ ኮምፖልሳቶ ብቻ ነው። ለጋሼ ጮክ ብዬ የምነግረውን እሷ ተኝታ ትሰማዋለች። ጠያቂም ከቤት አይጠፋም። ስለማልቀሱ ያሉት ግን ገብቶኛል፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ጅሬን፦
ለምን ወደ ላይ አትወስጂውም? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከተማው ከሥር ይታያል፣ ነፋስ ብቻ ነው። እኔ ለእጮኛዬ ያልኳትን ሁሉ ያልኳት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ትበላላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ግን ምንም እንዳትጀምሪ፣ ሾፌሩ የከተማው ሬዲዮ ነው።

የአጋሮ ልጅ፦
ጋሼ ጉልበቱን ያመዋል፣ ለዳገቱ ፈራሁለት። ስለ ባጃጁ ግን አመሰግናለሁ፣ አላሰብኩትም ነበር።

የአጋሮ ልጅ (ከስምንት ቀን በኋላ)፦
ቃል ስለገባሁ ሳይሆን ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ተመለስኩ። ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ ቤቱን አየሁት፣ ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ ጋሼን ይዤው ሄድኩ። በአጋሮ መውጫ በኩል ነው፣ ከኋላ ግቢ አለው፣ ሦስት ጎጆ። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ እንደተባልኩት ነገርኳት፣ ገና ሳልጨርስ "ገባኝ እህቴ" አለችኝ፣ ዘፈኑንም ሄዳ አጠፋችው። ወንበሮቹ የጅማ በርጩማ ነበሩ፣ ያ በሦስት እግሩ የሚቆመው፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ግን ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሶፋ ሰውን አራርቆ አያስቀምጥም። የኔን አንስቼ ቀኝ ጆሮው ሥር አስጠጋሁት።

ሽሮው ሲያልቅ ዝናቡ ጣለ። ኪቶ እንዳልከው ነው፣ ሳሩ ዋጠው። በሹክሹክታ ማለት ይቻላል የነገርኩት። አንድም ጊዜ "እ?" አላለም። ሁሉንም ከሰማ በኋላ ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ "እሷ ታውቃለች?" አለኝ። አታውቅም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ፣ አቅፌዋለሁ።

እስከ 11 ሰዓት ተኩል ተቀመጥን፣ ልጅቷ ሳንጠራት አልመጣችም።

አሁን የቀረችው ታናሽ እህታችን ናት። ከአዲስ አበባ የምትመጣው ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። ያለን እሑድ ብቻ ነው፣ እሑድ ደግሞ ያ ቤት ሙሉ ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ኳስ ሳይጀመር ጭር የሚል ግቢ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። በዚህኛው ሦስት ነን።