ሰሜን ተራሮች ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ተበላሸብኝ፣ ሰፊ ሌንስ ልግዛ ወይስ?

ማሂ ፎቶ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው የካቲት ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ሄጄ ነበር፣ ከጎንደር አርፍደን ስለወጣን ደባርቅ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘን ሳንካበር ካምፕ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። በአይኔ ያየሁትና ፎቶው አይገናኙም! ሰማዩ ነጭ ወረቀት፣ ገደሉ ጥቁር፣ የሩቆቹ ተራሮች ደግሞ አመድ የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት። ካሜራዬ ካነን ነው ከ18-55 ኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው) ጋር። ለጥቅምት ልመለስ ነው፣ ሰው ሁሉ ሰፊ ሌንስ (ብዙ ቦታ በአንዴ የሚያስገባውን) ግዢ እያለኝ ነውና ብሬን ሳላወጣ የሚያውቅ ይንገረኝ።

የደባርቅ ልጅ፦
እህቴ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም፣ የወሩና የሰዓቱ ነው። የካቲትና መጋቢት ቆላው አቧራና የማሳ ጭስ ነው፣ ጥቅምት ላይ ግን ክረምቱ አየሩን አጥቦልሽ ነው የሚሄደው። ሌላው ደግሞ ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የገደሉ ፊት ከጥላ አይወጣም፣ ለዛ ነው የጠቆረብሽ። ፊት ለፊቱን ተይና ወደ ቆላው ወጣ ወጣ ያሉትን የተራራ አፍንጫዎች ፈልጊ፣ እነሱን ጠዋት ከምሥራቅ ማታ ከምዕራብ ብርሃን ይመታቸዋል። እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ለዚህ አንደኛ ነው፣ ግን ፀሐይ ስትወጣ እዛ ለመገኘት ግጭ ካምፕ አድረሽ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት አለብሽ፣ ከጎንደር ጠዋት ተነስቶ የሚያዝ ብርሃን አይደለም።

ጭላዳው፦
እኔ ሰፊ ሌንስ ገዝቼ የተፀፀትኩ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ገደል የጓሮ አጥር አከለ! ሰፊ የሚያምረው ከፊትሽ ጅባራ ወይ ድንጋይ ሲኖር ነው። ለርቀቱ የኪት ሌንስሽን 55 ጫፍ (የሚያቀርበውን) ተጠቀሚ፣ ያገለገለ 55-250 የሚባለውን አቅራቢ ሌንስ ካገኘሽማ በጣም አሪፍ፣ ተራሮቹን ሰብስቦ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርብልሻል። ደግሞ ጠርዙ አካባቢ ሰው ወይ ጭላዳ ይግባበት፣ አለዚያ ትልቅነቱ አይታወቅም። (ጓደኛሽን ግን ጠርዙ ላይ አታቁሚው፣ ነፋሱ አይታመንም።)

አቤል፦
ከላይ ባሉት እስማማለሁ፣ ጉሙን ግን አትጥሉት፣ ጠዋት ወደ ፀሐይ አዙረሽ ብታነሺ ያው አመድ ያልሽው ነገር ነው ተራራውን በየደረጃው የሚለየው። በራው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8 ወይ 11። ሰማዩ እንዳይነጣ ሂስቶግራሙን (ካሜራው ላይ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እያየሽ ትንሽ አጨልሚው፣ ጥላው ኋላ ኤዲት ላይ ይወጣል፣ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም። ብር ማውጣት ካለብሽ ፖላራይዘር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ግዢ፣ ፀሐይ በጎንሽ ስትሆን ነው በደንብ የሚሰራው። ባትሪ ሁለት ሶስት ያዢ፣ ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፣ ብርዱ ባትሪ ይበላል፣ ማታ ጋቢሽ ውስጥ ይዘሻቸው እደሪ።

ማሂ ፎቶ፦
ተባረኩ! ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግን የለኝም፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ተሸክሜውም አልወጣም ሃሃሃ

ጭላዳው፦
አንድ ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት ሰፍተሽ ድንጋይ ላይ አስቀምጪ፣ ካሜራውን እላዩ ላይ። እኔ አምስት አመት በዚህ ነው የሰራሁት፣ ስትጨርሺ ወጥ ይሆናል።

እታፈራሁ፦
ልጄ፣ ጥቅምትን ከምትጠብቂ አንድ ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ ሂጂና ተለማመጂ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፖርቹጊዝ ድልድይ የሚሉት ጋ ገደሉም ጭላዳውም አለልሽ፣ ቀትር ላይና 11 ሰዓት ላይ አንድ ቦታ ቆመሽ አንሺና ልዩነቱን እይው። ወደ ደባርቅ ስትሄጂ ደግሞ መንገዱን ደውለሽ ሳታጣሪ እንዳትነሺ። ድሮንም ያለፈቃድ እንዳትይዢ፣ ይወሰድብሻል።

ማሂ ፎቶ፦
እሺ እትዬ። ሰፊው ሌንስ ቀርቷል፣ ምስሩን ዛሬ እገዛለሁ፣ ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ ነኝ።