ፑንታ ካና፦ "ሁሉም ተከፍሏል" ሲሉ እውነት ሁሉም ነው?

ሰማያዊ ሻንጣ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ጁላይ መጨረሻ ላይ ለ7 ሌሊት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ፑንታ ካና ልንሄድ ነው። ልንሄድ ነው እላለሁ እንጂ የአውሮፕላን ቲኬት ገና አልቆረጥንም፤ ሆቴሉን ግን እስከ ዓርብ ያለ ቅጣት መሰረዝ ስለሚቻል ይዘነዋል። ኦል ኢንክሉሲቭ ነው። ምግቡ፣ መጠጡ፣ መዝናኛው ሁሉም ከክፍሉ ጋር ተከፍሏል ይላል። እኔ ደግሞ "ሁሉም" ሲሉኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው። የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ከኪስ የሚወጣው ምንድነው? ቲፕስ? ደግሞ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ጁላይ? እንግዲህ ከአረሙ ጋር ትዋኛላችኋ" ብላኝ እየሳቀች ሄደች። የምን አረም ነው? የሆቴሉ ፎቶ ላይ አንድም ነገር የለም።

ሦስቴ የሄደው፦

እህቴ፣ ባልደረባሽ እውነቷን ነው። ሳርጋሰም ይባላል። ትንንሽ ፊኛ ያለው ቡናማ የባህር አረም ነው፣ ፊኛዎቹ ናቸው የሚያንሳፍፉት። ከ2011 ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከአትላንቲክ እየተነዳ ካሪቢያንን ያጥለቀልቃል፤ በብዛት የሚመጣው ከማርች ገደማ እስከ ኦገስት ነው። ፑንታ ካና ደግሞ ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ነፋሱ አዙራ ነው የተቀመጠችው፣ ስለዚህ በደንብ ይደርሳታል። በየቀኑ ግን አይደለም። እኔ ጁን ላይ ስሄድ ሁለት ቀን ውሃው ጥርት ብሎ ሰነበተና በሦስተኛው ጠዋት ስወጣ ዳርቻው በሙሉ ቡናማ ምንጣፍ የተነጠፈበት መስሎ ጠበቀኝ። ሠራተኞቹ ገና ሳይነጋ በመንሽና በጋሪ እየጫኑ ነበር፣ እነሱ አንዱን ሲያነሱ ባህሩ ሌላውን ይጥላል። ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የባለቤቴ የብር ሐብል ሳይቀር መጥቆር ጀመረ፣ ከአረሙ የሚወጣው ጋዝ ነው አሉን።

ስለ ገንዘቡ። ቡፌው፣ ባሩ፣ ገንዳው፣ ካያክና የመሳሰለው ሞተር የሌለው ነገር ብዙ ጊዜ ውስጥ ነው። ሞተር ያለው ሁሉ ከኪስሽ ነው፤ ጄት ስኪ፣ በጀልባ እየተጎተቱ በፓራሹት መብረር፣ ወደ ሳኦና ደሴት የሚደረገው ጉዞ። ስፓውም እንደዛው። አላካርት የሚሏቸው፣ ከሜኑ መርጠሽ የምታዢባቸው ሬስቶራንቶች አንዳንዱ ቦታ በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ተብሎ ይወሰናል፣ ስለዚህ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ቦታ አስይዢ። እኔ ነገ ነገ ስል ሳምንቱን በቡፌ ጨረስኩት። ቡፌው መጥፎ አይደለም፤ አራተኛው ቀን ላይ ግን እግርሽ ራሱ የትኛው ትሪ የት እንዳለ ያውቀዋል።

ቲፕስ ግዴታ አይደለም፣ ስጪ። ባለ 1 ዶላር ኖቶች ዘርዝረሽ ያዢ። ሳንቲም አትስጪ፣ የውጭ ሳንቲም ባንክ አይመነዝርላቸውም።

ጥላ ፈላጊ፦

እኔ እንዲያውም አይመከርም ባይ ነኝ። 7 ቀን ሙሉ እጅ ላይ የሆቴሉን የእንግዳ ፕላስቲክ አምባር አስሮ አንድ ግቢ ውስጥ መዞር ምኑ ነው ጉዞ? አገሩን ሳላየው ተመለስኩ። ሳንቶ ዶሚንጎ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የድሮው ከተማ፣ በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ካቴድራል፣ ሁሉም እዚያው ነበር። እኔ ገንዳ ውስጥ ካለው ባር አጠገብ ተቀምጬ የዋኘሁ መስሎኛል።

ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ "የእንኳን ደህና መጣችሁ ቁርስ" የሚል ግብዣ ሲሰጧችሁ ንቁ። 90 ደቂቃ ብቻ ብለውን ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየን። ቁርስ የተባለው አባልነት መሸጫ ነው። አንዱ እምቢ ስንለው አለቃውን ይጠራል፣ አለቃው ሌላ አለቃ ይጠራል፣ ዋጋው በየአለቃው ይወርዳል። ባለቤቴ "ሆዴን አሞኛል" ብላ ባታወጣን ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን።

ሦስቴ የሄደው፦

@ጥላ ፈላጊ ወንድሜ፣ በሩን ማን ዘጋብህ? አምባሩ አያስርህም እኮ። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ ሳምንት ሙሉ ሂሳብ ሳያስብ መተኛት ቢያምረው ምን ነውር አለው። ስለ ቁርሱ ግን ልክ ነህ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ።

ወይን ጠጅ ጃንጥላ፦

ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ሪዞርቱ ሳይሆን ዳርቻው ነው የሚመረጠው። "ፑንታ ካና" ብለው የሚሸጡት ረጅም የባህር ዳር ነው። ባቫሮ በኩል ከፊቱ ውሃው ውስጥ እንደ አለት የጠጠረ ኮራል ስላለ ማዕበሉን ይሰብረዋል፣ ውሃው ረጋ ይላል። ወደ ሰሜን ኡቬሮ አልቶ ስትደርሺ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ሆቴሎቹ ያምራሉ፣ "መዋኘት አይቻልም" የሚለው ቀዩ ባንዲራ ግን ብዙ ቀን አይወርድም። እኛ እዚያ አርፈን አምስት ቀን ባህሩን ከወንበር ላይ አየነው። አረሙን ከፈራሽ ደግሞ በደቡብ በኩል ባያሂቤን እዪ፤ ወደ ካሪቢያን ባህር ስለሚዞር እንደ ምሥራቁ አይጎዳም። የሳኦና ጀልባዎችም ከዚያ ነው የሚነሱት።

ጁላይ የሃሪኬን፣ የኃይለኛ አውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ነው፣ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30። የሚብሰው ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ስለሆነ አትደንግጪ። የጉዞ ኢንሹራንስ ግን አሁኑኑ ግዢ፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ለዚያ አውሎ ነፋስ አይከፍልም። ለመግቢያና ለመውጫ ኢ-ቲኬት የሚባል ፎርም በኢንተርኔት ይሞላል፣ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ገጽ ካጋጠመሽ ዝጊው።

ሰማያዊ ሻንጣ፦

እናንተ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርታውን ከፍቼ አየሁት፤ የያዝነው ሆቴል ለካ ኡቬሮ አልቶ ነው! ስሙ ላይ ፑንታ ካና ስላለ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶዎቹን ደግሜ ሳያቸው አብዛኞቹ የገንዳ ናቸው፣ ባህሩ ከሩቅ ብቻ ነው የሚታየው። ባለቤቴ ዋናተኛ ነው፣ ቀይ ባንዲራ እያየ አምስት ቀን ከሚቀመጥ እኔን ይፈታኛል። ዛሬውኑ ሰርዤ ባያሂቤ ፈለግኩ፣ ክፍሉ ትንሽ ያንሳል፣ ዋጋው ብዙም አይለይም። አንድ ቀን ሳኦና፣ አንድ ቀን ሳንቶ ዶሚንጎ፣ የቀረውን እንተኛለን። ጥላ ፈላጊም ይደሰት።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ የባህር ዳር ወንበር ማስያዝ ይቻላል?

ሦስቴ የሄደው፦

በወግ አይቻልም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጪ፣ ፎጣ የለበሱ ባዶ ወንበሮች ተደርድረው ታያለሽ፤ ባለቤቶቻቸው እስከ አራት ሰዓት ይተኛሉ። ፎጣው ነፋስ እንዳይወስደው ነጠላ ጫማ ጭነሽበት ተመለሺና ተኚ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንቺም ታደርጊዋለሽ።