የመመረቂያ ጥናት ይቅር ወይስ ይኑር?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተና እያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት መሥራት አለበት?

አካውንታንቷ፦
እኔ «ጥናቱ ይቅር» ከሚሉት ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ተፈትኖ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ልጆቹ የስንት ዓመት ኮርስ በሚከልሱበት በዚያው ሴሚስተር ፕሮፖዛል፣ መጠይቅ፣ ዳታ፣ ዲፌንስ (ሥራን መምህራን ፊት አቅርቦ መከላከል) እየተባለ መከራቸውን ያያሉ። የሚወጣው ሥራስ? ርዕሱ ሁሌም ያው ነው፤ የሆነ ነገር «በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ»፣ በሆነ ባንክ፣ በሆነ ቅርንጫፍ። መጠይቁ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ይወረሳል። ወረፋ የበዛበት የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ሳያነበው «እስማማለሁ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ምልክት እያደረገ ይመልሰዋል። ኤስፒኤስኤሱን (ዳታ የሚተነተንበትን ሶፍትዌር) ብር የተከፈለው ሌላ ሰው ይሠራዋል። «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ያላየ የግቢ ተማሪ ካለ ይንገረኝ።

ነርስ ከጅማ፦
እህቴ፣ የምትዪው ነገር አለ፣ አልክድም። ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጪው። ጅማ ላይ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ተኮር ነው። ገና ጀማሪ እያለን በሲቢቲፒ (ማኅበረሰቡ ውስጥ እየወጡ የሚማሩበት ፕሮግራም) ቀበሌ እንመደባለን፣ ቤት ለቤት መረጃ እንሰበስባለን፣ በቀጣዩ ዓመት ለተገኘው ችግር ዕቅድ እናወጣለን፣ ከዚያ ወደ ሥራ እንገባለን። መጨረሻ ላይ በቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ከሌላ የጤና ሙያ ተማሪዎች ጋር ጤና ጣቢያ እንወጣለን፣ ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ጥናት ይሠራል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። መጠይቁ ላይ «ሽንት ቤት አላችሁ?» የሚል አለ። ሁሉም አለን ይላል፤ እንግዳ ፊት የለንም ማለት ያሳፍራላ። አንዷ እናት እንዲሁ መለሱልን፣ አመስግነን ልንሄድ ስንል አብራኝ የነበረችው ልጅ «እማማ፣ ጓሮውን እንየው?» አለቻቸው። ዞረን ስናይ ሽንት ቤቱ አለ፣ ግን ወደሱ የሚወስደው መንገድ ላይ ሣር በቅሎበታል። ማንም አይሄድበትም ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ «አለ» የሚል መልስ ብቻ ይዤ ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅም። ይሄን የትኛው የምርጫ ፈተና ያስተምርሻል?

የኬሚስትሪ ተመራቂ፦
እኔ ደግሞ ላብ ልውሰዳችሁ። ርዕሳችን የግራዋ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን ጥላ ሥር ታደርቃለህ፣ ትፈጫለህ፣ ሜታኖል ውስጥ ትዘፈዝፋለህ፣ ታጣራለህ፣ ከዚያ ሜታኖሉን አትንነህ የቀረውን ትመረምራለህ። ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ውህድ) አለ ወይ ለማለት ከውሃ ጋር በደንብ ትንጠዋለህ፣ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ አለ ትላለህ። ይሄ ውሃና የመስታወት ቱቦ ብቻ ስለሚፈልግ በደንብ ሠራነው። አልካሎይድ ለሚባለው ሌላ የዕፅዋት ውህድ ግን የማየር ሪኤጀንት የሚባል መመርመሪያ ኬሚካል ያስፈልጋል፣ ስቶር ውስጥ አልነበረም፣ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሬም የለም ተባልን። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ያንን ረድፍ ባዶ ትተን ምክንያቱን ጻፍን። ዲፌንስ ላይ «ያልተሟላ ሥራ» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብን። እኛው ላብ ውስጥ በሌላ ቅጠል ሲሠራ የነበረው ቡድን ያንኑ ሪኤጀንት ሳያገኝ ሁሉንም ረድፍ ሞልቶ አቀረበ፣ ኤ አገኘ። ስለዚህ የማይመረመር ሠንጠረዥ እያስሞሉ ተመራማሪ እናፈራለን ማለት ይቁም።

የታሪክ መምህር፦
ልጄ፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ባዶው ረድፍ ከሠንጠረዡ ሁሉ እውነተኛው ነበር፣ ሙሉ ነጥብ የሚገባው እሱ ነው።

ግን ይቅር ከማለታችን በፊት የምናጣውን እንወቅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የሠሯቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፎች ዛሬም በታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻ ላይ ይጠቀሳሉ። የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው እኮ የጻፏቸው! በየአገራቸው ወጥተው ስለ ገበያው፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ግብሩ ሽማግሌ ሲጠይቁ፣ የሚነግሯቸው ሰዎች ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። የተናገሩትን የያዘው ያ የተማሪ ወረቀት ነው። ጎንደርም ብትሉ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ ተማሪውን በቡድን ጤና ጣቢያ እየላከ ነው ያስተማረው። ባህሉ የራሳችን ነው።

የተበላሸው ክትትሉ ነው። ለአንድ መምህር ሊያነበው ከሚችለው በላይ ተማሪ ይሰጠዋል፣ እሱም ረቂቁን ሳያይ የሚያየው የተጠረዘውን ነው። ነጥቡ ለጥራዙ መሆኑ ይቅርና ለማስታወሻ ደብተሩ ይሁን፤ ማንን መቼ አነጋገርክ፣ ምን ለካህ፣ ምን አጣህ። ጊዜውም ወደ ሦስተኛ ዓመት ይምጣ፣ ከመውጫ ፈተናው ጋር አይጋጭ።

የሶፍትዌር ልጅ፦
በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ። እኛ ጋ በየዓመቱ የተማሪ መመዝገቢያ ሲስተም ይሠራል፣ መዝጋቢው ግን አሁንም በኤክሴል ነው የሚሠራው። አንዱን ባች ያለፈው ባች የጀመረውን ጨርስ ቢሉት ምናለ?

አካውንታንቷ፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው፣ የሚሉት ያምራል። ግን የጅማው ወንድሜ የነገረን ነገር መኪና፣ አበልና አብሮ የሚወጣ መምህር ይፈልጋል። የማታ የሚማረው፣ ቀን ሱቅ የሚሠራው ልጅስ? እሱን ቀበሌ ውጣ ልትሉት ነው? ለእሱ ቢያንስ ምርጫ ይሰጠው። የሚሠራበትን ሱቅ ሒሳብ በደንብ አደራጅቶ ሪፖርት ያቅርብ።

ነርስ ከጅማ፦
እሱ ራሱ ጥናት ነው እኮ! የሱቁን የዱቤ መዝገብ ቁጭ ብሎ ቢያየው፣ ማን በስንት ጊዜ እንደሚከፍል፣ የትኛው ዕቃ ገንዘብ አስሮ እንደሚያስቀምጥ ቢቆጥር፣ ከባንክ መጠይቁ መቶ እጥፍ ይሻላል። ዳታው እጁ ላይ ነው።

አካውንታንቷ፦
እንደዚያ ከሆነማ አልቃወምም። እሱን የሚቀበል ዲፓርትመንት ግን አሳየኝ። ፎርማቱ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት ብሎ አምስት ምዕራፍ ነው የሚጠይቀው።

የኬሚስትሪ ተመራቂ፦
ሦስተኛ ዓመትም ይሁን አራተኛ፣ ርዕስ ከመጽደቁ በፊት አማካሪውና ተማሪው አብረው ስቶር ገብተው ያለውን ዕቃ ይዩ። የሌለ ነገር የሚጠይቅ ርዕስ አይጽደቅ። እኔ ከዚህ እንጀምር ነው የምለው።